ለሆድ የተሰጠ ቀጠሮ

ጠጅቱንና ወንድሜን ፍሰሐን የያዛቸው በሽታ አንድ ነበር። ጠጅቱን ያዳናት መድኃኒት ግን ፍሰሐን እግሩን ሊያሳጣው ምንም አልቀረውም። ነርስ ሆኜ ብዙ ጉድ አይቻለሁ፤ እንደዚህኛው ያመራመረኝ ግን የለም።

በሽታው ስም የለውም። እኛ ሰፈር ብትጠይቁ «ሆዳምነት» ይሏችኋል፤ እሱ ደግሞ ስድብ እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ሳይርበው የሚበላ፣ ጠግቦም ማቆም የማይችል፣ በልቶ ሲጨርስ ራሱን የሚጠላ፣ ራሱን ጠልቶ ደግሞ ተመልሶ የሚበላ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ ሁለት አውቃለሁ። አንዷ ጎረቤቴ ናት፣ አንዱ የእናቴ ልጅ።

ስሜ የሻረግ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሲስተር ይለኛል። በ1976 ዓ.ም. ልደታ ማርያም አጠገብ ባለች ትንሽ ክሊኒክ እሠራ ነበር። ጠባዬን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ነገር ሳይገባኝ ሲቀር ያሳክከኛል። ቁስል ይዞ የመጣን ሰው መጀመሪያ «እንዴት አመጣኸው?» እለዋለሁ፤ ፋሻው ከዚያ በኋላ ነው። የገባኝ ሲመስለኝ ደግሞ ማዘዝ እወዳለሁ። ጉድ የሠራኝ ይኼ ሁለተኛው አመሌ ነው።

ከጠጅቱ ልጀምር፤ እሷም ብትሆን መቅደም ትወዳለች። ጠጅቱ ተክለ ሃይማኖት ገበያ ቅቤ ትሸጥ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች ይባላል እንጂ ብቻዋን ሆና ያየኋት ቀን ትዝ አይለኝም። ቤቷ መንገድ ነው፤ ሁሉ ይገባል፣ ሁሉ ይወጣል። ሳቋ ከእኔ ቤት ይሰማል። በመካከል ቤቱ ጭር ሲል ግን ትበላ ነበር። ይኼን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ጉልበቷ አላስኬድ ብሏት፣ የደም ግፊቷም አልወርድ ብሎ ክሊኒክ የመጣች ቀን።

«ሲስተር፣ ሰው ሲወጣ እጄ ወደ ሌማቱ ይሄዳል። እኔ አልልከውም እኮ! ራሱ ነው የሚሄደው» አለችኝ።

ቀንሺ አልኳት፤ እሺ አለች። ጹሚ አልኳት፤ ጾመች፤ ጾሙ ሲፈታ የጾመችውን ሁሉ በሁለት ቀን መለሰችው። ዶክተሩ የጻፈላትን የምግብ ዝርዝር ግድግዳዋ ላይ ለጥፋ እሱን እያየች ትበላለች። ተስፋ ልቆርጥባት ደርሼ ነበር።

በዚያን ጊዜ እሑድ እሑድ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነበረብን። ማብቂያው ላይ ሂስና ግለ ሂስ ይባላል፤ ሰው ተነሥቶ የራሱን ጥፋት ያቀርባል፣ ጓዶቹ ያርሙታል። ሁላችንም ለዚህ ያስቀመጥናት አንዲት ጥፋት ነበረችን፤ «የስብሰባ ሰዓት አላከብርም» የምትል። እሷን ተናግረን እንቀመጣለን፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። መስከረም ውስጥ አንድ እሑድ ጠጅቱ ተነሣች።

«ጓዶች» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «እኔ ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ ሙሉ ድፎ ዳቦ ብቻዬን በላሁ። እንግዳ አልነበረብኝም። አልራበኝምም። ከዚያ ደግሞ በላዩ እንጀራ ጨመርኩበት። ከትናንት ወዲያም እንዲሁ ነው። ራሴን ሂስ አደርጋለሁ።»

ቃለ ጉባኤ ያዧ ብዕሯን እንዳነሣች ቀረች። «ይኼ… ከየትኛው ነጥብ ሥር ይያዝ?» ስትል አንዷ ከኋላ ፈነዳች፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ ከሁላችንም አብልጣ የሳቀችው ደግሞ ራሷ ጠጅቱ ናት። ስትቀመጥ እንባዋን ስትጠርግ አየኋት። የሳቅ ይሁን የሌላ አላወቅኩም።

ከዚያች እሑድ ጀምሮ ጠጅቱ የሰፈሩ ሁሉ ሥራ ሆነች። ቅቤ ሊገዛ የመጣው ሳይቀር «ጠጅቱ፣ አፍሽ ውስጥ ምንድን ነው?» ይላታል፤ እሷም ከፍታ ታሳያለች። በየሳምንቱ ሪፖርት ታቀርባለች። «በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተሸንፌያለሁ፣ አምስት ቀን አሸንፌያለሁ» ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። እንጀራውን በጭብጨባ ተካችው። ሚያዝያ ሲገባ ቀሚሶቿን ሁሉ አስጠበበች፤ ግፊቷ ወረደ፤ ከቤቷ እስከ ተክለ ሃይማኖት በእግሯ መሄድ ጀመረች።

እኔም «ገባኝ!» አልኩ። ይኼ በሽታ የሚኖረው ተደብቆ ነው፤ አደባባይ ካወጡት ይሞታል። እንዲህ ብዬ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት። አንድ ሰው አይቶ ሕግ ማውጣት ሞኝነት መሆኑን ማን ይንገረኝ?

አሁን ወደ ፍሰሐ ልምጣ። ፍሰሐ በስድስት ዓመት ያንሰኛል። እናታችን ስትሞት ገና ልጅ ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። አላገባም፤ ከእኔ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ይኖራል። ሥራው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ መዝገብ ያወርዳል፣ ክሩን ይፈታል፣ መልሶ ያስራል፣ ይሰቅላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልን እንቀልድበታለን፤ ከእሱ አፍ ቃል ለማውጣት ማመልከቻ መጻፍ ያስፈልግ ነበርና። ማዕድ ላይ ከሁላችን ቀድሞ እጁን የሚሰበስብ እሱ ነው። «በሞቴ» ስንለው አንዲት ጉርሻ ተቀብሎ ይነሣል። ታዲያ ሆዱ ለምን እንደዚያ እንደሚገፋ ዓመታት ሙሉ ግራ ሲገባኝ ኖሯል።

መጋቢት ላይ ትንሿን የእግር ጣቱን ጫማ ልጦት ክሊኒክ መጣ። «መቼ ነው የላጠህ?» ስለው «በጥምቀት» አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያልዳነ ቁስል! ወዲያው ሽንቱን መረመርኩ። ሰማያዊ መድኃኒት አለን፤ ጥቂት ሽንት ጠብ አድርገን በእሳት ስናሞቀው ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል፤ ስኳሩ እየበዛ ሲሄድ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ ይሆናል። የፍሰሐ ከዚያም አልፎ እንደ ጡብ ቀላ። በዚያው ቀን አንሶላውን ልቀይርለት ክፍሉ ገብቼ አልጋው ሥር ካርቶን አገኘሁ። ውስጡ የብስኩት ወረቀትና የዳቦ መጠቅለያ ነው። ወረቀቶቹ በሥርዓት ታጥፈው በክር ታስረዋል። ቁጭ ብዬ ስንት እንደሆኑ ለማየት ጀመርኩና መሀል ላይ ተውኩት።

ሆስፒታል ወሰድኩት። ያየው ዶክተር ኃይለመለኮት የሚባል፣ ነገር የማያሳምር ሰው ነው። «ኪኒኑን ይውሰድ፣ አመጋገቡን ይቀንስ። ስኳሩ ከወረደ ትንሿን ጣት ብቻ ቆርጠን እግሩን እናተርፋለን። ካልወረደ ከጉልበቱ በታች እንቆርጣለን። እስከ ሐምሌ እንየው» አለን። ስንመለስ እኔ የማስበው መሰላሉን ነበር። በአንድ እግር መሰላል እንዴት ይወጣል?

ቀጥሎ ግንቦት ልደታ መጣ። በእኛ ሰፈር በዚያ ቀን ጎረቤት ሁሉ ከየቤቱ ያለውን ይዞ ይወጣና ደጅ ላይ አብሮ ይበላል፤ ንፍሮው፣ ዳቦው፣ ጠላው፣ ምርቃቱ። ፍሰሐ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጠጅቱ በራሷ ላይ እየቀለደች ሰውን ታስቃለች። የሁላችን ታላቅ እማማ ወለተሰንበት ትልቅ የዳቦ ቁራሽ ቆርሰው ወደ ፍሰሐ ዘረጉ።

«ብላ እንጂ ልጄ! ምነው እንደ ሙሽራ?»

«በቃኝ እማማ» አለ።

«በሞቴ! በልደታ ይዤሃለሁ!»

እኔ ነኝ ያን ጊዜ የተነሣሁት። በሰው መሀል ቆሜ፣ ጠጅቱን በዓይኔ እየጠቀስኩ፣ እንዲህ አልኩ፤ «እማማ፣ ይተዉት። ፍሰሐም የጠጅቱ በሽታ ነው ያለበት። ፊታችን አይበላም፣ ተደብቆ ነው የሚበላ። እግሩ ሊቆረጥ ነው። ጎረቤቶቼ፣ ጠጅቱን እንዳዳናችኋት እሱንም ጠብቁልኝ!»

እንደሚስቁ ጠብቄ ነበር። እሱም ትንሽ አፍሮ ከዚያ እንደሚስቅ። ማንም አልሳቀም። ፍሰሐ ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ለእማማ ወለተሰንበት ጎንበስ ብሎ «ያክብርልኝ» አለና ሄደ። በሩን ሲዘጋ ሰማሁት፤ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ጠጅቱ ክንዴን ያዘችኝ። «የሻዬ፣ ምን አደረግሽ?» አለችኝ። በጣም ተናደድኩባት፤ እሷ ያደረገችውን እኮ ነው ያደረግኩት!

ሰፈራችን ጨዋ ነው፤ አደራ ሲሰጡት ይወጣል። ባለሱቁ ኑሪ በማግስቱ ዳቦ ከለከለው። «ጋሽ ፍሰሐ፣ ይቅርታ፤ ሲስተር አደራ ብለውናል» አለው፣ ሰው በተሰለፈበት። እማማ ወለተሰንበት ጠዋት ጠዋት በራፋቸው ላይ ቆመው ሥራ ሲሄድ ይጠብቁታል፤ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብዳቸው ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው። «ልጄ ፍሰሐ! ትናንት ስንት በላህ?» ይሉታል። ደግነታቸው ነው። ከልባቸው ነው።

ፍሰሐ ማዕድ መቅረብ ተወ። እሑድ ምሳ ስጠራው «በልቻለሁ» ይላል። ዳቦውን ከኑሪ ሱቅ ትቶ አብነት ሰፈር ድረስ እየሄደ፣ በዚያ ቁስል እግሩ፣ እየገዛ ጃኬቱ ውስጥ ይዞ እንደሚመጣ የነገረኝ ሰው አለ። በየቅዳሜው ሽንቱን ሳሞቅ ጡብ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጡብ። በሦስተኛው ሳምንት ጣቱ ጫፏ ላይ ጠቆረች።

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። አንድ በሽታ፣ አንድ መድኃኒት፣ አንድ ሰፈር፤ ታዲያ ምንድን ነው ልዩነቱ? ዶክተር ኃይለመለኮትን ብጠይቀው «ሲስተር፣ እኛ የምናክመው ጣቱን ነው» አለኝ። መልሱን ያገኘሁት ከጠጅቱ ነው። ቅቤ እየመዘነች፣ ቀና ሳትል ነገረችኝ።

«አንቺ ሞኝ ነሽ። እኔ ሰው ሲያየኝ እጠግባለሁ። እሱ ሰው ሲያየው ይርበዋል።»

ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩና ያሰመርኩበትን ሰረዝኩት።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቀን ከምሳ በፊት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ምን እንደሚበላ ለማየት ነው። የሰው ጓዳ ማወቅ፣ የእኔም ሆዳምነት እሱ ነው። መዝገብ ቤቱ የብረት ፍርግርግ ያላት አንዲት መስኮት አለችው። ባለጉዳይ ተሰልፏል። አንድ ሽማግሌ ፍርግርጉን በከዘራቸው ይደበድባሉ፤ «መዝገቤን አጥፍታችሁታል! ዛሬ ካልታየልኝ ከዚህ አልነቃነቅም!» እያሉ። ፍሰሐ አልጮኸባቸውም። የለምም አላላቸውም፣ እሺም አላላቸውም። እያነከሰ ሄዶ መዝገቡን አወረደ፣ ክሩን ፈታ፣ አገላበጠ።

«አባቴ፣ ጉዳይዎ አለ፤ አልጠፋም። ቀጠሮዎ ሐሙስ በአራት ሰዓት ነው።»

«ሐሙስ?»

«ሐሙስ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አድርገው፣ «ሐሙስ ከሆነ ጥሩ» ብለው ሄዱ። ለመጡበት ነገር ምንም አላገኙም እኮ! ሆኖም ረክተው ነው የሄዱት። ይኼ በጣም ገረመኝ።

መስኮቱ ለምሳ ሲዘጋ ወደ ውስጥ አስገባኝ። በመደርደሪያዎቹ መሀል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ኪሱን አየሁ፣ መሳቢያውን አየሁ፤ እንደማየው አይቷል። ልመክረው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሁልጊዜ የሰውን ሁሉ ነገር የምጠይቅ ሴት፣ የገዛ ወንድሜን አንድም ቀን ይኼን እንዳልጠየቅኩት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አዝዤዋለሁ፣ ፈትሼዋለሁ፣ አሳጥቼዋለሁ፤ አልጠየቅኩትም።

«ፍሰሐ፣ እንዴት አድርጎ ነው የሚመጣብህ?»

«ምኑ?»

«ፍላጎቱ። እኔ እኮ አላውቀውም። ንገረኝ።»

አንድ ክር ከጠረጴዛው አንሥቶ ቋጠረ፣ ፈታ፣ ደግሞ ቋጠረ። እስኪናገር ድረስ ዝም ማለት ለእኔ ምጥ ነበር።

«አሥር ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው» አለ በመጨረሻ። «ሥራ ሊያልቅ ሲል። አንድ ባለጉዳይ መስኮቱ ላይ ቆሞ የሚጠራኝ ይመስለኛል። የለም ስለው ይጮኻል። ደግሜ የለም ስለው ፍርግርጉን ይነቀንቀዋል። ዝም እንዲለኝ ብዬ እሰጠዋለሁ። ሰው የሚያየኝ ከሆነ ደግሞ አፍራለሁ። ሳፍር ጩኸቱ ይብስበታል።»

«እኒያን ሽማግሌ ግን የለም አላልካቸውም» አልኩት። «ቀጠሮ ነው የሰጠሃቸው።»

ለቀልድ ያህል ነበር። ፍሰሐ አልሳቀም። ክሩን እንደያዘ ለረጅም ጊዜ መስኮቱን አየ። ይቅርታዬን ጠየቅኩት፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ይቅር ማለቱ ይሁን አለማለቱ አልገባኝም፤ ወጣሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ቤቴ መጣ። ከግንቦት ልደታ ወዲህ በሬን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብልቃጡን አመጣለሁ፤ ቀለሙን ራሴ አይቼ እጽፈዋለሁ። አንቺ ግን እንዳትጠይቂኝ። ለሰውም እንዳትነግሪ።»

«ምን ላይ ነው የምትጽፈው?»

«ይኸው ጠየቅሽ» አለኝ።

በሥራዬ ዘመን እንደዚያ ወር የተሠቃየሁበት ጊዜ የለም። መጀመሪያ ኑሪ ዘንድ ሄጄ «ሽጥለት» አልኩት። «ሲስተር፣ ትናንት አትሽጥ፣ ዛሬ ሽጥ! መመሪያው በየሳምንቱ ይቀየራል እንዴ?» አለኝ። «ሽጥለት፤ ዓይን ዓይኑን ግን አትየው» አልኩት። እማማ ወለተሰንበት ይበልጥ ከበዱኝ። «ታዲያ ሰው ካልጠየቀው ሰው እንዴት ይድናል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጠጅቱ እንዲያ ነው የዳነችው። እግራቸው ላይ ወድቄ ነው ያስተውኳቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

መዝገቡን ከሳምንታት በኋላ ነው የነገረኝ። እንደ ማንኛውም ጉዳይ አቃፊ አዘጋጅቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ በክር አስሮ መዝገብ ከፍቷል። ፍላጎቱ ሲመጣ የለም አይለውም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተጠየቀውን ይጽፍና «ለአሥራ ሁለት ሰዓት ተቀጥሯል» ይላል። ሰዓቱ ሲደርስ ቀጠሮውን ያከብራል፤ አሁንም ከፈለገ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ በሳህን አድርጎ፣ ያችኑ የተጠየቀችውን ይበላል። ቀጠሮ ሰጥቶ መዋሸት ለእሱ ነውር ነው። ብዙውን ጊዜ ግን፣ አለኝ፣ ባለጉዳዩ ሳይቀርብ ይቀራል። ያን ጊዜ «አልቀረበም» ብሎ ይጽፋል። ፍሰሐ ይኼን ሲነግረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ተንኮል የመሰለ ፈገግታ አየሁ።

ጡቡ ብርቱካናማ ሆነ። በሰኔ አጋማሽ ቢጫ። ሁለት ጊዜ ተመልሶ ጡብ ሆኗል፤ በሁለቱም ቅዳሜ ፍሰሐ ጽፎ ወጣ፣ እኔም ምላሴን ነክሼ ቀረሁ። እንደ ልማዴ አላስችል ብሎኝ መዝገቡን ለጠጅቱ እንድትሞክረው ነገርኳት፤ የማን እንደሆነ ሳልነግራት። በሁለተኛው ቀን ወረቀቱን ቅቤ ጠቅልላበት ሸጠችው። ያን ክረምት ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ዝግጅት ተብሎ የእሑዱ ስብሰባ ሲታጠፍ ደግሞ፣ ሦስት እሑድ ያለ ተመልካች ቀርታ ወደ ሌማቷ ተመለሰች። «ስብሰባ ጥሩልኝ!» እያለች ቀበሌ ድረስ ሄዳ ጮኸች። ስብሰባ ይጠራልኝ ብሎ ያመለከተ ሰው በቀበሌያችን እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። አመል ያወጣል ከመሃል ይባላል፤ እሷን ግን አመሏ ወደ መሀል ነው ያስገባት።

ሐምሌ ማብቂያ ላይ ዶክተር ኃይለመለኮት እግሩን አየው። «ስኳሩ ወርዷል። ጣቷን ብቻ እናነሣለን፤ ነገ ጠዋት ይምጣ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ነገ ስኳሩ ከፍ ብሎ ካገኘሁት ግን አልነካውም። ቁስሉ ይመረቅዝና ያን ጊዜ ጣት አይበቃንም።»

ወሬው ሰፈር ገባ። ሰው ሲታመም ባዶ እጁን የሚሄድ የለም። ከሰዓት በኋላ የፍሰሐ ክፍል ጠያቂ ሞላው፤ የመጣው ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ይዟል። ድፎ ዳቦ መጣ፣ ገንፎ መጣ፣ ኑሪ ብስኩት ላከ። እማማ ወለተሰንበት በቅቤ የራሰ ጭኮ በሳህን ቆልለው ይዘው መጡ፤ «ቢላዋ ለሚገባበት ሰው ጉልበት ያስፈልገዋል» ብለው። እንዴት ይመለሳል? ተቀበልን፣ መረቁን፣ ዝናቡ ሲያባራ ሄዱ። ሰዓቴን አየሁ። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው።

ፍሰሐ ጭኮውን ያየዋል። ፈርቷል። ነገ የሚሆነው ነገር እኔንም አስፈርቶኛል። ሳህኑን መንጠቅ አማረኝ፤ ሰውነቴ ሁሉ አማረው።

«ላውጣው?» አልኩት።

«አይ። አንቺ ካወጣሽው የምትፈርጂው አንቺ ነሽ። ነገስ? ከነገ ወዲያስ?» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እትዬ፣ እያየሽኝ አልችልም። ውጪልኝ።»

በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። እግሩን ለሳህኑ ትቼለት የምወጣ መሰለኝ። ነጠላዬን አነሣሁና ወጣሁ፤ በሩንም ዘጋሁ።

ጠጅቱ ቤት ገብቼ ቁጭ አልኩ። ነገሩን ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። «እኔ ብሆን ሰፈሩን ሁሉ ጠርቼ ያዙኝ ነበር የምል!» አለች። ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፤ ሁለት ጊዜ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። «ተቀመጪ። አልገባኝም፤ ግን ተቀመጪ» አለችኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ እንደዚያ ተያይዘን ተቀመጥን። ምን ያህል እንደበላ፣ ከየትኛው እንደጀመረ፣ ሁሉን በሐሳቤ አየሁት። አለቀስኩም።

ስመለስ በሩን አንኳኳሁ። የወንድሜን በር ሳንኳኳ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ፍሰሐ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል። የጭኮው ቁልል ከጫፉ ጎድሏል። አልጠየቅኩትም።

«አንዲት ቁራሽ በላሁ» አለኝ። ዓይኑን ከእኔ አላሸሸም። «አሥር ተኩል ላይ፣ በቀጠሮዋ። ሁለተኛዋን ለአሥራ አንድ ቀጠርኳት፤ አልመጣችም። አሁን ውሰጂልኝ፣ እትዬ። ደክሞኛል።»

በሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ማንም ሳይጠይቀው ምን እንደበላ የነገረኝ የመጀመሪያው ቃል ይኼ ነው። ጭኮውንም፣ ድፎውንም፣ ገንፎውንም ተሸክሜ ስወጣ እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም።

በማግስቱ ትንሿ ጣቱ ተቆረጠች፤ እግሩ ተረፈ። ጥቅምት ላይ መሰላሉን መውጣት ጀመረ። ስንት እንደበላ ከዚያ ወዲህ ጠይቄው አላውቅም። እሱ ግን ይነግረኛል።